ወደ ሞጣ የላክነው ቁራሽ

መምህራችንን ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲያዛውሯት የነገረን ሰው አልነበረም። ለትምህርት ስንሄድ የቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎ አገኘነው። እሷ ዕቃዋን በአንዲት ሻንጣ ጠቅልላ መኪና መሳፈሪያው ጋ ቆማለች አሉን። ሮጠን ደረስን። እያንዳንዳችንን አቅፋ ሳመችን፤ መኪናው ተነሣ፤ በቃ። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ ሳይ ያደረብኝ መቁነጥነጥ ወራት አልፈውም እንኳ አልለቀቀኝም። እህል ስለቅም እነሣለሁ፤ ተነሥቼ የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ፣ ከእርሻና ከጓዳ በቀር ሌላ የማናውቅ ሴቶች ፊደል እንድንቆጥር ተባለ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ታዘው የመጡ ነበሩ፤ ይህንንም አይደብቁም። መምህራችን፣ ልጅቷ፣ ግን ወዳ ነው የመጣችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ከሐረር በኩል ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ ዓባይን ተሻግራ፣ ማንም ሳያስገድዳት።

«ለምን መጣሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እሷን ላስተምር ብዬ ትዕግሥት አጣሁ። እስቲ መጀመሪያ በእናንተ ልለማመድ ብዬ ነው» አለችና ሳቀች።

ደመወዝ የላትም። ምግቧን የምንችለው ተማሪዎቿ ነበርን፤ በየቀኑ ተራ በተራ በየቤታችን ትበላለች። ተራውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባለጸጋዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን እናብላት ብለው ነበር፤ አይሆንም አልኩ። ክብሩ ለሁሉም እኩል ነው፤ ድሃዋም አንድ ቀን፣ ባለጸጋዋም አንድ ቀን። የቄሱ ሚስት ረቡዕ ደረሳት፤ «የጾም ቀን ሰጥተሽኝ ሙያዬን ልትደብቂው ነው» ብላ አኮረፈችኝ። ያም ሆኖ የረቡዕ ሽሮዋን የሚያህል በቢቸና አልነበረም፤ ልጅቷ ራሷ መስክራለች።

አንድ ነገር ግን አልጣጣም አለን። እኛ ሴቶች በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አለን። ልጅቷ ይህን አታውቅም፤ የትምህርቱ ሰሌዳ በበላይ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። አንድ ሃያ አንድ ቀን ትምህርት ጠራችን። ማንም አልሄደም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ጠመኔዋን እንደያዘች እኛን ፍለጋ ወጣች፤ ድምፃችንን ተከትላ ማኅበሩ የተሰበሰበበት ቤት በር ላይ ደረሰች። ሁላችንም አቀረቀርን፤ ትምህርቱን ትቶ ሲበላ እንደተገኘ ልጅ።

«ግቢ እንጂ!» አለች ባለተራዋ።

«ማተብ የላት» አለች የቄሱ ሚስት በጆሮዬ።

«ሀ ሁ ስታስቆጥርሽ ማተቧን ፈትሸሽ ነበር?» አልኳት፤ ትንሽ ጮክ ሳልል አልቀረሁም።

ልጅቷ ገባች፤ ተቀመጠች። የእንግዳ ደንብ ነውና አንድ ሙሉ ዳቦ ሰጠናት፤ ምርቃቱንም ምስጋናውንም ደረደርንላት። እሷም አፍራ ዳቦዋን ታቅፋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ግን ሰሌዳው አልተቀየረም፤ በሚቀጥለውም ወር በሃያ አንድ ትምህርት ነበር። ወሩ ሳይሞላ እሷን ወደ ሞጣ ወሰዷት።

የማኅበራችንን ደንብ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። ትልቁ ዳቦ ከተባረከ በኋላ ለእያንዳንዷ ማኅበርተኛ አንድ አንድ ቁራሽ ይደርሳታል። የታመመች፣ የወለደች፣ መንገድ የሄደች ካለች የሷ ቁራሽ ተለይቶ በጨርቅ ተቋጥሮ ቤቷ ድረስ ይላክላታል። ሲላክ ቃል አይጨመርበትም። ቃል የሚደረደረው ለእንግዳ ነው፤ ሙሉ ዳቦም የሚሰጠው ለእንግዳ ነው። ለራሳችን ሰው ከራሳችን ዳቦ ቆርሰን ዝም ብለን እንልካለን። ያቺ ቁራሽ «ቦታሽ አለ፤ አልተነካም» ማለት ናት፤ ይህን ደግሞ በቢቸና ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

ልጅቷ በሄደች በመጀመሪያው ማኅበር ላይ ተነሣሁና፣ «ይቺን ልጅ በምን እናመስግናት? ደመወዝ ሳትቀበል ዓይናችንን ከፈተችልን። ማኅበርተኛ እናድርጋትና ድርሻዋ ይላክላት» አልኩ። ተከራከርን። አንዷ «ሩቅ ናት» አለች፤ ሌላዋ «ሃይማኖቷን አናውቅ» አለች። ሁልጊዜ ቀድማ የምትናገረው የቄሱ ሚስት ያን ቀን አፏን አልከፈተችም። እኔም ልብ አላልኩትም። በመጨረሻ ሁሉም «ይሁን» አሉ።

በቢቸናና በሞጣ መካከል የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጨዋታ የሚወድ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው። ቁራሹን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት፤ «ለመምህራችን፣ ከቢቸና» አልኩት፤ ሌላ ምንም። በደብረ ወርቅ አድርጎ ይዞላት ሄደ። መልስ አልመጣም። በሚቀጥለው ወር ደግመን ላክን። መልስ የለም። በሦስተኛው ወርም እንዲሁ።

መልስ ማጣቱ እንዴት እንደሚያንገበግብ ለማን ልንገር! ታማ ይሆን? ወደ ሌላ አገር ወስደዋት ይሆን? ወይስ ደረቀባት? ዳቦው ሞጣ እስኪደርስ እንደሚደርቅ እናውቃለን፤ የማኅበር ዳቦ ቢደርቅም ያው ነው። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከደጅ ነኝ። ባለቤቴ «የሰፈሩ ውሻ እንኳ እንዳንቺ ለመኪና ሁሉ አይነሣም» ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ለአራተኛ ጊዜ ቋጥሬ ስወጣ ሾፌሩ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እትዬ፣ እኔ ከእንግዲህ ይቺን ጨርቅ አልሸከምም» አለኝ።

«ምን ከበደህ? ቁራሽ ዳቦ ናት!»

«ዳቦውማ ምን ይከብዳል። የልጅቷ ፊት ነው የከበደኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ያለፈውን ጊዜ ሳትፈታው መለሰችልኝ። ‹ካባረሩኝ በኋላ ፍርፋሪ መላክ ምን ማለት ነው? አብሬያቸው ሳለሁ ሙሉ ዳቦ፣ ከሄድኩ በኋላ የደረቀ ቁራሽ! ለማኝ አይደለሁም በላቸው› አለችኝ። እስካሁን ያልነገርኩሽ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

ቋጠሮውን ደረቴ ላይ ይዤ ቀረብኩት። «ማን አባረራት?»

«እናንተ ናችኋ! ሴቶቹ ከሰውሻል ተብላ ነው የሄደችው።»

«እኛ? የመለሰችልህንስ የት አደረስከው?»

አንገቱን አከከ። «መንገድ ላይ ራበኝ። ማርያም ይቅር ትበለኝ፤ ደረቅ ቢሆንም ጥሩ ዳቦ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። «ልጅቷ መቼ ነው ከሞጣ የምትሄደው?» አልኩት።

«ክረምቱ ሳይገባ ዘማቾቹ ሁሉ ይወጣሉ። በባሕር ዳር በኩል ነው አሉ። በዚህ አታልፍም።»

አሁን ነገሩ ገባኝ። ወዳ መጥታ ያስተማረችን ልጅ፣ የቢቸና ሴቶች በክስ አስወጡኝ፣ ከዚያም በቁራሽ አፌዙብኝ ብላ ልትሄድ ነው። አንዴ ከሄደች ሐረር ማን ይደርስባታል? ቤቷን እንኳ የሚያውቅ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ እኛ የምታስታውሰው ያንን ነው።

እግሬ ወደ ቀበሌ ወሰደኝ። ሊቀመንበሩ በጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

«መምህራችንን ማን ከሰሳት?» አልኩት።

«እናት፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«አልተዘጋም። ተማሪዎቿ እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ አልከሰስንም።»

«ከሴቶች በኩል ቅሬታ ቀርቧል።»

«የትኛዋ ሴት?»

«ይህማ የአመራር ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው እኔም ምስጢሩ እስኪወጣ እዚሁ ቁጭ እላለሁ» አልኩና ከአግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ እኔ አለሁ። የመጣው ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። ለምሳ መውጫው ሲደርስ ከበሩ ፊት ቆምኩበት።

«የቄሱ ባለቤት ናት! በቃ? አሁን ይሂዱልኝ!» አለ።

እስከ ቄሱ ቤት ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ሚስቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስታየኝ እንዝርቷ ቆመ። ገና ሳልናገር አወቀች።

«ቀኑን ነው የከሰስኩት፤ ልጅቷን አይደለም» አለች።

«ለሊቀመንበሩ ይህን ለይተሽ ነግረሽዋል?»

«በሃያ አንድ ትምህርት አይሁን አልኩት። እሱ ‹አስቸጋሪ ናት ማለት ነው?› አለኝ። ዝም አልኩ።»

«ዝም አልሽ!»

«ለካ ሞጣ አስተማሪ ጎድሎበት ኖሯል። እኔ ምን አውቄ? ሊቀመንበሩ ለምክንያት የሚሆነው ነገር ሲፈልግ የኔን አገኘ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ድርሻዋ ሲቆረስ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታያለሽ!»

«ምን ልበል? ረቡዕ ረቡዕ ከማዕዴ በልታ፣ ሰሐኗን አጥባ የምትሄድ ልጅ ናት። የሄደች ዕለት እኮ አቅፋ ስማኛለች። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መኪናው ተነሣ።»

ልጮህባት ነበር የመጣሁት። ግን ፍርድ ፍርድ ነው። ስለ ቀኑ ያለችው ልክ ነበር፤ እኔም በሃያ አንድ መጠራታችን ያናድደኝ ነበር፤ ሄዶ የመናገር ወኔ የነበራት ግን እሷ ብቻ ናት። ልክ ያልሆነው ዝምታዋ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። «ግማሹ ተግባርሽ የሚመሰገን ነው፤ ግማሹን ግን ራስሽ ትመልሺዋለሽ» አልኳት።

በማግሥቱ ማኅበርተኞቹን ሰበሰብኩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶታል። አንደኛዋ፣ ዳቦ በመጋገር የታወቀችው፣ «ማንም አልከሰሰሽም ብለን እንታረቃት። ለምን እናቆስላታለን?» አለች።

«ውሸት ጠቅልዬ ምስጋና አልልክም» አልኩ። «እስካሁንም ሳንናገር ስለላክን ነው እንዲህ የሆነው።»

«ታዲያ እውነቱን በምን ታደርሺዋለሽ? ትሄጃለሽ?»

ለመሄድማ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ያው ሊቀመንበር ነው። ከትናንቱ አግዳሚ በኋላ እንኳን ወረቀት ሰላምታም አይሰጠኝም። ደብዳቤ እንጻፍ ያለች ነበረች፤ ለነገሩ ያስተማረችን እሷ ናት፣ ያምርብን ነበር። ግን ቋጠሯችንን ሳትፈታ የመለሰች ልጅ ደብዳቤያችንን ለምን ትከፍታለች? አምስት መስመር ለመጻፍስ ሳምንት ይፈጅብን የለ?

«ስልክ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሰው ሲደውል በመስኮት አይቻለሁ እንጂ እጀታውን ነክቼው አላውቅም።

በስልክ ቤቱ የሚሠራው ሰው ትዕግሥተኛ ነበር። አሠራሩን ነገረን፤ ለሞጣ ስልክ ቤት ይነገራል፤ እነሱ ለልጅቷ የጥሪ ወረቀት ይልኩላታል፤ በማግሥቱ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከመጣች እንነጋገራለን፤ ካልመጣች የለም።

«ፈላጊዋ ማን ነው ልበል?» አለ።

እዚህ ላይ ሁላችንም ተያየን። ከቢቸና ሴቶች ከተባለች ላትመጣ ነው።

«ከእናትሽ በላት፤ ክንፍ አውጥታ ትመጣለች» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«እናቷ ሞተች ብላ ልቧ ቀጥ ቢልስ?» አልኩ። «አይሆንም። ‹ተማሪዎችሽ› በልልኝ። ከመጣች በዚያ ትምጣ።»

ያን ዕለት ምን እንደበላሁ አላውቅም። ትመጣ ይሆን፣ አትመጣም ይሆን እያልኩ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። በማግሥቱ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነን፤ የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው። የቄሱ ሚስት ከኋላ ቆማለች። እንዳትቀር ብዬ መጀመሪያ እሷን ጠርቼ ነው የመጣሁት።

«አንድ ሰው ብቻ ይግባ!» አለ ስልከኛው።

«የማኅበር ምስጋና እንዴት በአንድ አፍ ይባላል?» አልኩት።

«ሦስት ደቂቃ ናት እኮ፣ እትዬ!»

ሦስት ደቂቃ ስንት እንደሆነች የምታውቅ ከመካከላችን አልነበረችም። ብዙ መሰለን። ተራ አወጣሁ፤ መጀመሪያ በዕድሜ የምትበልጠን እማማ ለሰላምታ ያህል፣ ከዚያ እኔ ስለ ቁራሹ፣ ከዚያ የቄሱ ሚስት። ሌሎቹ በመጨረሻ በአንድ ድምፅ «እናመሰግናለን» ይላሉ።

አራት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ዝም። ስልከኛው ሰዓቱን ያያል፤ እኛ እሱን እናያለን። «እንግዲህ አልመጣችም» ሊል አፉን ሲያሰናዳ አየሁት፤ «ቆይ!» አልኩት ገና ሳይናገር። ጠበቅን። የቄሱ ሚስት የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች፤ ትጠቀልላለች። ልነጥቃት ምንም አልቀረኝም። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ሁላችንም ወደ ኋላ ዘለልን።

«ሞጣ ናት። ልጅቷ መጥታለች» አለ።

እማማ እጀታውን ተቀበለችና ሞጣ ድረስ በአፏ የምታደርሰው ይመስል ጮኸች። «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ! ደህና ነሽ ወይ? እግዚአብሔር ይመስገን! እናትሽ ደህና ናት? እግዚአብሔር ይመስገን! ሞጣ ብርዱ እንዴት ነው? ውኃው ተስማማሽ? ቤት ሰጡሽ? ብቻሽን ነሽ?...»

«አንድ ደቂቃ አለፈ» አለ ስልከኛው።

«እማማ፣ ጊዜው!» አልኳት።

«እንዴ! ደህንነቷን ሳልጠይቅ ልዝጋባት? እንስሳ ነኝ እንዴ?» አለችኝ፤ ወደ ስልኩም ተመልሳ፣ «የኔ ልጅ፣ የግቢሽ ዶሮዎች ደህና ናቸው?» አለች። ልጅቷ ዶሮ ኖሯት አያውቅም።

እጀታውን ቀማኋት። ጆሮዬ ላይ ነፋስ የመሰለ ነገር ይነፍሳል፤ በመካከሉ የልጅቷ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ሩቅ።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ስሚኝ፣ ጊዜ የለም። ያ ቁራሽ የለማኝ አይደለም። ሙሉ ዳቦ የምንሰጠው ለእንግዳ ነው። እንግዳ ሳለሽ ሙሉ ሰጠንሽ። ከሄድሽ በኋላ ማኅበርተኛ አደረግንሽ፤ ቁራሽ የማኅበርተኛ ድርሻ ነው። ከኛ ዳቦ ላይ የተቆረሰ ነው። እኛም የምንበላው እሱኑ ነው። የቀረች ሁሉ እንዲያ ነው የሚላክላት። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዓይናችንን ነው ያበራሽልን። ይህን ሳንነግርሽ መላካችን ነው ጥፋቱ።»

ነፋሱ ብቻ።

«ልጄ?»

«ታዲያ ለምን አልጻፋችሁበትም?» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «አንድ ቃል ብቻ። መጻፍ አስተምሬያችሁ የለ?»

«ለራስ ሰው አይጻፍበትማ!» አልኩ።

«የከሰሰችኝስ አለች ወይስ የለችም?»

«አለች። እዚሁ ናት፤ ራሷ ትንገርሽ» አልኩና እጀታውን ለቄሱ ሚስት ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ያዘችው። «እኔ ነኝ» አለች። «የረቡዕዋ። ቀኑን ነው ያልኩት፤ የማርያምን ቀን። ግን አስቸጋሪ ናት ወይ ሲለኝ አይደለችም አላልኩም።»

ልጅቷ ምን እንዳለች እኛም ሰማን፤ የቄሱ ሚስት እጀታውን ከጆሮዋ አርቃ ነበር የያዘችው። «በየሳምንቱ ከማዕድዎ እበላ ነበር። ለምን ለራሴ አልነገሩኝም?»

የቄሱ ሚስት ልትመልስ እጀታውን ወደ አፏ አስጠጋች። ስልከኛው «አለቀ» አለ፤ ነፋሱም ቆመ። «እናመሰግናለን» ሊሉ የተሰለፉት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ወጥተን ደጃፉ ላይ ተጣላን። ዳቦ ጋጋሪዋ «ሦስቱንም ደቂቃ እናንተ በላችሁት» ትላለች። እማማ «ሰላምታ ሳይደርስ ጨዋታ የት አለ?» ትላለች። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ተንጠልጥሏል። የቄሱ ሚስት ብቻዋን ከድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ደግማችሁ አስጠሩልኝ» አለች ቀና ሳትል። «ብቻዬን።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተጠራላት። አልከተልኳትም፤ ጨው ልገዛ ነው የወጣሁት፤ ጨው የሚሸጥበት ደግሞ በስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። በክፍቱ በር አየኋት። ብዙውን ጊዜ የምትሰማው እሷ ነበረች። ስትናገር ትንሽ ትናገራለች፤ ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ልጅቷ የምታያት ይመስል። አንድ ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጣለች። ስትስቅ ነው ወይስ ስታለቅስ፣ ከዚያ ማዶ መለየት አልቻልኩም። ስትወጣ ጨዌን ትቼ ተነሣሁ።

«ምን አለችሽ?»

«ጨርሰናል» አለችኝና አለፈችኝ።

ምኑ ነው የተጨረሰው? ታርቀው ነው ወይስ ተቆራርጠው? ሊነግረኝ የሚችለው ስልከኛው ነበር፤ እሱ ደግሞ «የሰው ወሬ አልሰማም» አለ። ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ስልክ የሚውል ሰው!

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። በሞጣ መንገድ ያለው መረሬ፣ ያ ጥቁር ጭቃ፣ ጎማ መዋጥ ጀመረና ሾፌሩ ከዓይናችን ጠፋ። ዘማቾቹ ወጡ ተባለ፤ አልወጡም ተባለ። ሃያ አንድ ደረሰ። የልጅቷን ድርሻ ለይተን አስቀመጥን፤ የሚያደርስልን አጥተን ለአንዲት አራስ ሰጠነው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ መብላት አልሆነልኝም፤ አሁንም አሁንም ወደ በሩ።

ሾፌሩ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ። ከመኪናው ሳይወርድ ያዝኩት።

«ሄደች?»

«ሄደች። የተሳፈረች ዕለት አግኝቻታለሁ። ሰላምታ ልካለች። እንዳለችኝ ነው የምነግርሽ፤ በተራ አስጠንታኛለች።»

«በል!»

«‹የትም ብሆን ማኅበርተኛ ብላችሁ ቁጠሩኝ፤ ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር አስባችኋለሁ› ብላለች። ሰላምታዋም፣ መጀመሪያ ለቄሱ ሚስት።»

«መጀመሪያ?»

«መጀመሪያ። ከዚያ ለእማማ። ከዚያ ለዳቦ ጋጋሪዋ። ከዚያ ላንቺ፣ ከዚያ ለሌሎቹ።»

«እኔ አራተኛ? ተሳስተህ እንዳይሆን።»

«ደጋግማ አስብላኛለች፣ እትዬ። አንቺ እንደዚህ እንደምትዪም ነግራኛለች» አለና ሳቀብኝ።

አልሳቅኩም። ለካ ያ «ጨርሰናል» ታርቀናል ማለት ኖሯል። ተራዋን ያወጣሁላት እኔ፣ ድርሻዋን የቋጠርኩት እኔ፣ ሊቀመንበሩን ያስጨነቅሁት እኔ፣ የስልኩን ነገር ያመጣሁት እኔ። ያስከሰሳት ዝምታ የማን እንደነበር ደግሞ አውቃለሁ። እያጉረመረምኩ ቤቴ ገባሁ፤ እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ተራውን ብቀይረው ማን ያውቃል? ልጅቷ ሐረር ናት፤ ሾፌሩ ነገ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ሃያ አንድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ከሁሉ በፊት ተነሣሁ። የሰው መልእክት እንደተላከ ነው የሚደርሰው፤ ያለዚያ ስርቆት ነው። «ከመምህራችን ሰላምታ መጥቷል» አልኩ። «የትም ብሆን ማኅበርተኛ ብላችሁ ቁጠሩኝ ብላለች። ሰላምታውን ደግሞ እንዳለችው በተራ ነው የምናገረው፤ ማንም እንዳያቋርጠኝ።» ከዚያ ወደ ቄሱ ሚስት ዞርኩና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መጀመሪያ ላንቺ» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ትንሽ ጠበቅኋትና ወደ እማማ አለፍኩ።